ሎተሪው «አይሆንም» ሲል፦ የቅርስ ድጎማን የሚወስነው ማን ነው?

ጥያቄው አጠር ተደርጎ እነሆ፦

«ለንደን ውስጥ የአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀመንበር ነኝ። ከደርግ ሸሽተው ወደዚህ የመጡት አባቶችና እናቶች ታሪካቸው ሳይቀዳ እያለፉብን ነው። ለናሽናል ሎተሪ ሄሪቴጅ ፈንድ (ከሎተሪ ገቢ ለቅርስ ድጎማ ለሚሰጠው ተቋም) 85 ሺህ ፓውንድ ጠየቅን። ከዚህ ውስጥ 30 ሺው አገር ቤት ላለች አንዲት ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ማደሻ ነበር። ሁለት ወር ጠብቀን አይሆንም ተባልን። የሎተሪው ድርጅት የሚሰጠው ለሚያውቀው ነው ይባላል። መንግሥትም እጁ አለበት ይላሉ። ለመሆኑ የወሰነብን ማን ነው? ይግባኝ የምንለውስ የት ነው?»

ይግባኝ የለም። ፈንዱ አይሆንም ያለውን ማመልከቻ በይዘቱ ዳግም የሚያይ አካል የለም። አቤት ማለት የሚቻለው በአሠራሩ ላይ ብቻ ነው። ያስገባችሁት ሰነድ ሳይነበብ ቀርቶ ከሆነ፣ ወይም የራሳቸውን መመሪያ ጥሰው ከሆነ ቅሬታ ይቀበላሉ። «ፕሮጀክታችን ጥሩ ሆኖ ሳለ ለምን ተጣለ?» የሚለው ግን ቅሬታ አይባልም። ቢልኩት በትሕትና የተጻፈ መልስ ይደርስዎታል፤ ገንዘብ አይደርስዎትም። ድጋሚ ማመልከት ግን ማንም አይከለክልዎትም። በእናንተ እርከን፣ ማለትም ከ10 ሺህ እስከ 250 ሺህ ፓውንድ ባለው፣ የማብቂያ ቀን የሚባል ነገር የለም። በሩ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው።

ድጋሚ ከማመልከትዎ በፊት ግን ፈንዱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ አለብዎት። ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት የተለያዩ አካላት አንድ ላይ ተቀላቅለዋል።

የሎተሪው ድርጅት ትኬት ሻጭ ነው። ከ1994 ጀምሮ ካምሎት የሚባል ኩባንያ ነበር፤ ከየካቲት 2024 ወዲህ ኦልዊን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከሽያጩ ለበጎ ዓላማ የሚመደበው ድርሻ ወደ አንድ የጋራ ቋት ይገባል። ከዚያ በሕግ በተወሰነ ስሌት ይከፋፈላል፦ 20 በመቶ ለቅርስ፣ 20 ለኪነ ጥበብ፣ 20 ለስፖርት፣ የቀረው 40 ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለአካባቢና ለበጎ አድራጎት። ኩባንያው የእናንተን ፕሮፖዛል አያየውም፤ ማኅበራችሁ መኖሩንም አያውቅም።

የመንግሥት ነገር ትንሽ ረዘም ያለ ታሪክ አለው። ታሪኩን ካላወቁ ፈንዱ ለምን እንደዚህ እንደተዋቀረ አይገባዎትም።

በ1946፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ ማግስት፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሂዩ ዳልተን ከጦርነት የተረፈ ዕቃ ተሽጦ ከተገኘ ገንዘብ 50 ሚሊዮን ፓውንድ መድበው የብሔራዊ መሬት ፈንድ አቋቋሙ። ውብ ቦታዎችና ታሪካዊ ቤቶች ለሕዝብ እንዲቆዩ፣ ለሞቱትም ወታደሮች መታሰቢያ እንዲሆን ነበር ሐሳቡ። ገንዘቡ የተቀመጠው ግን ግምጃ ቤቱ እጅ ነው። ግምጃ ቤት ደግሞ ያው ግምጃ ቤት ነው። በ1957 ከ60 ሚሊዮን 50ውን መልሶ ወሰደው። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1977፣ ሜንትሞር የሚባለው ታላቅ ቤት ከነሙሉ ዕቃው ለመንግሥት በ2 ሚሊዮን ገደማ ቀረበለት። መንግሥት አልፈልግም አለ። ዕቃው በጨረታ ተበትኖ ከ6 ሚሊዮን በላይ አወጣ። አገሩ ተንጫጫ። የዚያ ጫጫታ ውጤት የ1980ው የብሔራዊ ቅርስ ሕግ ነው። ሕጉ ገንዘቡን ከግምጃ ቤቱ እጅ አውጥቶ ለባለአደራዎች ሰጠ። ሎተሪው በ1993 በሕግ ሲፈቀድም የቅርሱን ድርሻ እንዲያከፋፍሉ የተደረጉት እነዚሁ ባለአደራዎች ናቸው። ዛሬ ሄሪቴጅ ፈንድ የምንለው የእነሱን ተቋም ነው፤ እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ስሙ ሄሪቴጅ ሎተሪ ፈንድ ነበር።

ስለዚህ «መንግሥት እጁ አለበት» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ባለአደራዎቹን የሚሾመው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። የባህል ሚኒስትሩ አጠቃላይ የፖሊሲ አቅጣጫ ይሰጣል። «ለእገሌ ስጡ፣ እገሌን ከልክሉ» ማለት ግን አይችልም። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ለእያንዳንዷ ፓውንድ በፓርላማ ፊት ተጠያቂ ነው፤ ሒሳቡን የሚመረምረውም የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ነው። የመረጃ ነፃነት ሕጉም ፈንዱን ይመለከታል። የእናንተ ማመልከቻ እንዴት እንደተገመገመ የሚያሳየውን ሰነድ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከይግባኝ ይልቅ እሱን ነበር የምጠይቀው።

አሁን ወደ ዋናው፦ የወሰነባችሁ ማን ነው? የባለአደራዎቹ ቦርድ አይደለም። ቦርዱ ስትራቴጂ ያወጣል፣ በጀት ይደለድላል፣ ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቁትን ያያል። ከሥሩ ስድስት ኮሚቴዎች አሉ፦ ሦስቱ ለእንግሊዝ ክፍሎች፣ አንዳንድ ደግሞ ለስኮትላንድ፣ ለዌልስና ለሰሜን አየርላንድ። ከ250 ሺህ በታች ያለው ግን ውክልናው ለሠራተኞች ነው። ኢንቨስትመንት ማናጀር የሚባል ሠራተኛ ያነብባል፣ ይጠይቃል፣ አስተያየቱን ይጽፋል። ከዚያ የአካባቢው ኃላፊዎች ተቀምጠው በዚያ ዙር የቀረቡትን ጎን ለጎን ያወዳድራሉ። የተሟላ ማመልከቻ ከደረሳቸው በስምንት ሳምንት ውስጥ ይመልሳሉ። እናንተም ሁለት ወር የጠበቃችሁት ለዚህ ነው።

«ጎን ለጎን» የምትለውን ቃል ያዙልኝ። ይህ ፈተና አይደለም፤ 50 ያመጣ ሁሉ አያልፍም። በዚያ ዙር ያለው ገንዘብ የተወሰነ ነው። ጥሩ ሆኖ የሚወድቅ ማመልከቻ ብዙ ነው።

«ለሚያውቁት ነው የሚሰጡት» የሚለውን ሐሜት በከፊል ብቻ ነው የምቀበለው። ባለአደራና የኮሚቴ አባል የሆነ ሁሉ የጥቅም ግንኙነቱን ያስመዘግባል፤ የሚነካው ጉዳይ ሲመጣ ከውሳኔው ይወጣል። የቦርድ ቃለ ጉባኤ ይታተማል። ማን ስንት እንደተሰጠው ማንም ማየት ይችላል። በኪስ የሚሰጥ ገንዘብ የለም። ግን አጻጻፉን የሚያውቅ ያገኛል፤ ይሄ ሐቅ ነው። ትልቅ ሙዚየም ፕሮፖዛል ብቻ የሚጽፍ ደሞዝተኛ አለው። የእናንተ ማኅበር ያለው ከሥራ መልስ እራት ሳይበላ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ጸሐፊ ነው። ይህ ቅሬታ የሐበሻ ብቻ አይደለም። በ1995 የቸርችልን ወረቀቶች ከቤተሰቡ ለመግዛት ከ12 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሎተሪ ገንዘብ ሲወጣ እንግሊዞቹ ራሳቸው «የደሃው ትኬት ለባለጸጋው» ብለው ጮኸዋል። ከዚያ ወዲህ በ1997 እና በ1998 ሕጎቹ ተሻሽለው ገንዘቡ ከሕንጻና ከሥዕል አልፎ ወደ ሰው፣ ወደ ትምህርት፣ ወደ ትውስታ መሄድ ጀመረ። የአረጋውያን ቃል መቅዳት ዛሬ በሙሉ ልብ የሚደገፍ ሥራ ነው። ፈንዱ ቅርስ ምን እንደሆነ ራሱ አይተረጉምም። «ለእናንተ ዋጋ ያለውን ንገሩን» ነው የሚለው።

ታዲያ ለምን ወደቃችሁ? ማመልከቻውን አላየሁትም። ግን ከላካችሁልኝ ሐሳብ ብቻ አንዱ ምክንያት እንደ ፀሐይ ግልጽ ነው፦ ጣሪያው። ይህ ገንዘብ ለዩናይትድ ኪንግደም ቅርስ ነው። ሠራተኛው በጀቱን ሲከፍት ከሦስት ፓውንድ አንዱ ሊከፈል የማይችል ሆኖ ያገኘዋል። እሱን ቆርጦ ቀሪውን አያጸድቅላችሁም፤ በጀት ማረም የእሱ ሥራ አይደለም። እንዲያውም «እነዚህ ሰዎች መመሪያውን አላነበቡም» ብሎ ነው የሚያልፈው።

ይህን ስል የኢትዮጵያ ታሪክ ለእነሱ ቅርስ አይደለም ማለቴ አይደለም። መለኪያው ሥራው የሚሠራበት ቦታና የሚጠቅመው ሕዝብ ነው። ባዝ ከተማ ያለውን ፌርፊልድ ሃውስን ያስቡ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ቤት ነው፤ በ1958 ለከተማዋ አረጋውያን ሰጡት። የእኛ ታሪክ ነው፣ የባዝም ታሪክ ነው። የእናንተ አባቶች ታሪክም እንደዚያው ነው። አንድ ሰው ሒትሮው ሲወርድ ምን እንዳሰበ፣ የመጀመሪያ ሥራውን የት እንዳገኘ፣ ዕቁቡና ዕድሩ በየትኛው ሳሎን እንደተጀመረ ማለት የለንደን ታሪክ ነው። ማመልከቻው ላይ በዚህ መልኩ ይጻፍ። «የኢትዮጵያን የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ለትውልድ ለማስተላለፍ» ብሎ የሚጀምር ማመልከቻ ስንቱን አየሁ መሰላችሁ! አንባቢው የሚፈልገው ሦስት ሺህ ዘመን አይደለም። ስንት ሰው ትቀዳላችሁ፣ ማን ይቀዳል፣ ድምፁ የት ይቀመጣል፣ ማን ይሰማዋል፤ ይህንን ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ በ2023 የወጣው የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አራት መርሆች አሉት፦ ቅርሱን ማዳን፣ አካባቢን መጠበቅ፣ ሁሉን ማሳተፍ፣ የድርጅቱ የራሱ ጥንካሬ። አራቱንም መንካት ግዴታ ነው። ሁሉንም እኩል ማጉላት ግን አይጠበቅባችሁም። የማኅበረሰብ ማመልከቻዎች ሦስተኛው ላይ ደምቀው አራተኛው ላይ ይከስማሉ። «ገንዘቡ ሲያልቅ ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ «ሌላ ድጎማ እንፈልጋለን» መልስ አይደለም።

ጣሪያውን በተመለከተ፣ በር የለም ማለት አይደለም፤ በሩ ሌላ ነው። ብሪቲሽ ካውንስል የሚያስተዳድረው የባህል ጥበቃ ፈንድ የሚባል አለ። ከ2016 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ከሚደግፋቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያም ገብታለች። እሱ ግን በግጭት ወይም በአየር ንብረት ለውጥ አደጋ ላይ የወደቀ ቅርስን ነው የሚያየው። ጣሪያው አረጀ ማለት ብቻውን አይበቃም። አገር ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህቺ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ናት) መሠረት ቅርስን ለመጠገን ከቅርስ ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። «ቆርቆሮ ገዝተን ልከናል» ብሎ የሚጀምር የምእመን ቅንነት ስንት የግድግዳ ሥዕል እንዳበላሸ የሚያውቅ ያውቀዋል። በነገራችን ላይ፣ ተያይዞ የሚመጣ ጥያቄ ስላለ፦ የመቅደላን ንዋያት ከብሪቲሽ ሙዚየም ማስመለስ የዚህ ፈንድ ጉዳይ አይደለም። እሱ በ1963ቱ የሙዚየሙ ሕግ የታሰረ፣ ሌላ ረጅም ትግል ነው።

አሁን ያላችሁ አማራጭ ሦስት ነው። ቅሬታ ማስገባት፤ ጊዜ ማባከን ነው። ያንኑ ማመልከቻ ጣሪያውን አውጥቶ መልሶ መላክ፤ ይሻላል፣ ግን የደከመው ጎን እንደደከመ ይቀራል። ሦስተኛው፣ እኔ የምመክረው፣ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ከአንድ ቤተ መዛግብት ጋር በሽርክና መሥራት ነው። የቀበሌያችሁ ካውንስል ቤተ መዛግብት ይኖረዋል፤ የከተማው ትልቁ ደግሞ ዘ ለንደን አርካይቭስ ነው። ድምፁን ተቀብለው እንደሚያስቀምጡ የሚገልጽ ደብዳቤ ይስጧችሁ። ያቺ አንዲት ደብዳቤ «ገንዘቡ ሲያልቅ ምን ይሆናል?» ለሚለው ከአሥር ገጽ በላይ ትመልሳለች። ለወጣቶቻችሁ የአፍ ታሪክ አቀዳድ ሥልጠና በጀት ያዙ። የጽሑፍ ግልበጣና ትርጉምንም አትርሱ። የአንድ ሰዓት የአማርኛ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። «ልጆቹ በነፃ ይሠሩታል» ተብሎ የታቀደ ግልበጣ ሲጠናቀቅ አላየሁም። አስተባባሪ የምትቀጥሩ ከሆነ ቦታው በይፋ ማስታወቂያ መውጣት አለበት፤ ለሊቀመንበሩ የእኅት ልጅ ተብሎ የሚያዝ ወንበር የለም። አንድ ዕቃ ወይም አገልግሎት 10 ሺህ ፓውንድ ከደረሰም ሦስት ዋጋ ማቅረቢያ ይጠይቃሉ። የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብም ፈትሹ። ከአመራሩ ቢያንስ ሁለቱ በሥጋም ሆነ በጋብቻ የማይዛመዱና በአንድ አድራሻ የማይኖሩ መሆን አለባቸው። ባልና ሚስት ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ የሆኑበት ማኅበር እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም።

ከማመልከቻው በፊት አጭሯን የፕሮጀክት መጠየቂያ ቅጽ ላኩ። ግዴታ አይደለችም፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚዘላት። በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ሰው አንብቦ «ይሄ ይሄዳል፣ ይሄ አይሄድም» ይላችኋል። መጀመሪያውኑ ብትልኳት ኖሮ የጣሪያው ነገር በሁለት ሳምንት ይታወቅ ነበር።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፈቃድ በጽሑፍ ሳይደርሳችሁ ሥራ አትጀምሩ፤ ላለፈ ወጪ አይከፍሉም። ገንዘቡም በአንድ ጊዜ አይመጣም። እስከ 100 ሺህ ባለው ድጎማ ብዙውን ጊዜ ግማሹ መጀመሪያ፣ 40 በመቶው መሐል ላይ፣ የመጨረሻው 10 በመቶ ደግሞ ሥራው አልቆ ሪፖርት ከገባ በኋላ ነው። 55 ሺህ ብትጠይቁ 5,500 ፓውንድ ከራሳችሁ ካዝና አውጥታችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ? ከአሁኑ አስቡበት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ታሪካቸውን የምትቀዱላቸው ሰዎች የሚፈርሙት የስምምነት ወረቀት ነው። በፈንዱ ገንዘብ የተሠራ ዲጂታል ነገር ሁሉ ማንም ሊጠቀምበት በሚችል ክፍት ፈቃድ ይለቀቃል፤ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባለው ነው። አሁን ደግሞ የምትቀዱትን ሰው አስቡ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሱዳን በኩል የወጣች እናት እንዴት ድንበር እንደተሻገረች፣ ማን እንዳሳለፋት፣ ኢሚግሬሽን ላይ ምን እንዳለች በዝርዝር ትናገራለች። ወንድሟ አሁንም አገር ቤት አለ። ያ ድምፅ ለዓለም ክፍት ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል? ፈንዱ ለግል ሕይወትና ለደኅንነት ሲባል በዚህ ደንብ ላይ ልዩ ሁኔታ ይፈቅዳል፤ ግን አስቀድማችሁ ካነጋገራችኋቸው ነው። ስለዚህ ወረቀቱ በአማርኛ ይሁን፤ እንደ ሰውየው በትግርኛም በኦሮምኛም። ሳይነበብላቸው አይፈርሙ። ከተቀዳም በኋላ ሰምተው «ይቺን አውጡልኝ» የማለት መብት ይኑራቸው። ይህን ማመልከቻው ላይ በግልጽ ጻፉት። ጨዋነት ነው፤ ለገምጋሚውም ሥራችሁን እንደምታውቁ ያሳየዋል።

አንድ ነገር ቀረ። ሎተሪ ቁማር ነው ብለው የማይነኩ ሽማግሌዎችና ካህናት፣ እንዲሁም ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶች በማኅበራችሁ ይኖራሉ። የፈንዱ ምልክት በእያንዳንዱ ፖስተርና መጽሔት ላይ መውጣቱ ግዴታ ስለሆነ መደበቅ አይቻልም። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይህ ቢፈነዳ ማኅበሩ ለሁለት ይከፈላል። አሁን፣ ምንም ገንዘብ ሳይኖር፣ ስብሰባ ጥሩና ተነጋገሩ። ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ ያዙ።

ስብሰባው ከተስማማ ከቤተ መዛግብቱ ጋር ቀጠሮ ያዙ፣ ቀጥሎ መጠየቂያ ቅጿን ሙሉ። የጣሪያውን ጉዳይ ለብቻው ኮሚቴ ስጡት። አዲሱ ቅጽ ላይ «ጣሪያ» የምትለው ቃል እንዳትገባ።